የቪክቶሪያ ፏፏቴ በዚምባብዌ በኩል፦ ለፓርኩ የሚከፈለው እና ለከተማው የሚከፈለው

በዚምባብዌና በዛምቢያ ድንበር ላይ የሚገኘውን የቪክቶሪያ ፏፏቴ ለማየት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ገና ከጅምሩ የሚገጥመው ጥያቄ የገንዘብ ነው። በዚምባብዌ በኩል ያለው ብሔራዊ ፓርክ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ከአንድ የውጭ አገር ጎብኚ 50 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍል ነበር። የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ በሚባለው በሳድክ ሥር ላሉ አገሮች ዜጎች ቅናሽ አለው፤ ኢትዮጵያ ግን የማኅበሩ አባል ስላልሆነች በትኬት መስኮቱ ፊት ከጀርመናዊውና ከጃፓናዊው እኩል እንቆጠራለን። አፍሪካዊ ነኝ ማለት እዚያ መስኮት ላይ አንድ ዶላር አያስቀንስም። እንዲያም ሆኖ ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ በዚያ ጉዞ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ጨርሶ ያልቆጨኝ ለፓርኩ የከፈልኩት ነው፤ ከፓርኩ አጥር ውጭ ለጎብኚ ከሚሸጠው ነገር አብዛኛው ግን የሚጠየቅበትን ዋጋ አያወጣም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ መብረር ከጀመረ ወዲህ ጉዞው ለአዲስ አበባ ሰው ቀሎለታል፤ በጆሃንስበርግ ዞሮ መግባት የግድ መሆኑ ቀርቷል። አውሮፕላን ማረፊያው በቻይና ብድር ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀ ሲሆን፣ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ አለበት። ቪዛን በተመለከተ፣ ሁለቱንም አገሮች በአንድ ክፍያ የሚያስገባ «ካዛ ዩኒቪዛ» የሚባል የጋራ ቪዛ እንዳለ የጉዞ ወኪሎች አዘውትረው ያወራሉ። ሆኖም ይህ ቪዛ የሚሰጠው በዝርዝር ለተለዩ አገሮች ፓስፖርት ብቻ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጡ በፊት አዲስ አበባ ያሉትን የሁለቱን አገሮች ኤምባሲዎች ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ፏፏቴው። የዛምቤዚ ወንዝ 1,708 ሜትር ስፋት ይዞ፣ በደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ፣ የቸኮለ ሳይመስል ከመጣ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ይወርዳል። የስንጥቁ ጥልቀት በምዕራቡ ጫፍ 80 ሜትር ያህል ሲሆን ወደ መካከሉ እስከ 108 ሜትር ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ መውጫው 110 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ይህ አቀማመጥ ለተመልካች የተሠራ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ፏፏቴ የምናየው ከታች ቆመን ወደ ላይ በማንጋጠጥ ወይም ከሩቅ ጉብታ ላይ ሆነን ነው፤ እዚህ ግን የስንጥቁ ማዶ አፋፍ ውሃው ከሚወድቅበት አፋፍ ጋር በከፍታ የሚመጣጠን በመሆኑ፣ ጎብኚው ወንዙ መሬቱን የሚለቅበትን ቦታ በዓይኑ ትይዩ ያየዋል። የፓርኩ መንገድ የተዘረጋው በዚሁ ማዶ አፋፍ ላይ ሲሆን በየርቀቱ 16 የመመልከቻ ቦታዎች አሉት።

ለፓርኩ አስተዳደር ከፍተኛ ምስጋና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ የሲሚንቶ ግንብ፣ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ፣ የብርጭቆ ድልድይ ወይም ፏፏቴውን የሚጋርድ ሆቴል የለም። ያለው በድንጋይ የተነጠፈ የእግር መንገድ፣ ዛፍ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ምልክቶች፣ አልፎ አልፎም ከእሾህ ቅርንጫፍ የተሠራ ዝቅ ያለ አጥር ነው። ይህን የሚያህል ስም ያለው ቦታ ይዞ ብዙ ነገር አለመገንባት ከመገንባት የሚከብድ ይመስለኛል፤ በተለይ ገንዘብ በሚያስፈልገው አገር።

ከበሩ እንደገቡ ወደ ግራ መታጠፍን እመክራለሁ። የቸኮለ ሰው በቀጥታ ወደ ዋናው ፏፏቴ ይሄዳል፤ ወደ ግራ የታጠፈ ግን መጀመሪያ የዴቪድ ሊቪንግስተንን ሐውልት፣ ቀጥሎም «የሰይጣን ፏፏቴ» የሚባለውን የምዕራብ ጫፍ ያገኛል። ስኮትላንዳዊው ሚሲዮናዊ ፏፏቴውን ያየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1855 ሲሆን፣ በአገሩ ንግሥት ስም የሰየመውም እሱ ነው። ሞሲ ኦአ ቱንያ የሚለው የአካባቢው ስም ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሁለቱንም ስሞች ይዟል። ሐውልቱ ጋር ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

የሰይጣን ፏፏቴ ጋር ግን መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ክፍል ጠርዙ ከሌላው ዝቅ ያለ በመሆኑ ወንዙ በጣም በሚጎድልበት ወቅትም ውሃ አያጣም። ወንዙ በጥቁሩ የባሳልት ድንጋይ ውስጥ ያሉትን የደከሙ መስመሮች እየቦረቦረ በረጅም ዘመን ወደ ላይ ሲያፈገፍግ የኖረ ሲሆን፣ ከፏፏቴው በታች እየተጠማዘዙ የሚወርዱት ገደሎች እያንዳንዳቸው በየዘመናቸው የፏፏቴው አፋፍ የነበሩ ናቸው። የሰይጣን ፏፏቴ ዝቅ ማለቱም ወንዙ ቀጣዩን መስመር እዚያ ጋር መቁረጥ መጀመሩን ያመለክታል። ደረጃውን ወርዶ ከታችኛው መመልከቻ ላይ የቆመ ሰው ውሃውን በጣም ቀርቦ ያየዋል፤ በጠርዙ ላይ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ይታጠፍና አንድ ክንድ ያህል ከወረደ በኋላ ተሰባብሮ ይነጣል። እኔ በቆምኩበት አቅጣጫ ከአለቱ ስንጥቅ የበቀለች አንዲት የሣር ቁጥቋጦ ነበረች፤ ውሃው ሲደፍቃት ትጠፋለች፣ መልሳ ብቅ ትላለች፣ ደግሞ ትጠፋለች። ከዋናው ፏፏቴ ግዝፈት ይልቅ እሷን በማየት ብዙ ጊዜ አሳለፍኩ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መንገዱ ወደ ጫካ ይገባል። በዙሪያው ያለው አገር በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ደረቅ ዱር ነው፤ ይህ ቁራጭ ጫካ ግን ከስንጥቁ የሚነሣው ርጭት ቀን ከሌሊት ስለሚያጠጣው ሾላው፣ ዘንባባው፣ ከሥር ያለው ለምለም ሁሉ አይደርቅም። ድኩላ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲግጥ ሰው አይፈራም። ዋናው ፏፏቴ ፊት ለፊት ሲደረስ ደግሞ ዝናቡ አቅጣጫውን ይስታል፤ ከላይ የሚወርደው ካፊያ ሳያንስ ከገደሉ ነፋስ የሚያመጣው ውሃ ከታች ወደ ላይ ይመጣና በአገጭ ሥር ይገባል። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ቢከት ይሻላል። በር ላይ የዝናብ ልብስ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ቀለል ያለ የራስን ይዞ መሄድ የበለጠ ንጹሕ ነው፤ ለስልክም በዚፕ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ከሁሉም መፍትሔ ይሻላል።

በመጨረሻው ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው «የአደጋ ነጥብ» የሚባለው ቦታ ስሙ የሚገባው ነው። አለቱ ባዶ ነው፣ ያዳልጣል፣ በጠርዙም ላይ የሚይዝ ነገር የለም። ትናንሽ ልጆች ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ እዚህ ጋር እጃቸውን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ወይም ደግሞ እዚያ ሳይደርስ መመለስ ይችላል፤ ከቀደሙት መመልከቻዎች ያልታየ ብዙ ነገር አይቀርበትም። ከዚህ በስተቀር መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ እናትና አባትን ይዞ መሄድ አያስቸግርም። ምግብ በእጅ ይዞ መሄድ ግን አይመከርም፤ ዝንጀሮዎቹ ከሰው እጅ መንጠቅን የለመዱ ናቸውና።

ቀስተ ደመናን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ አስጎብኚዎች ሁሉ ሊያሳዩን ይቸኩላሉ እንጂ የት እንደሚቆም የሚያስረዳ አላገኘሁም። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይን በጀርባ አድርጎ ለቆመ ሰው ስለሆነ፣ በጠዋት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሄዶ ወደ ምዕራብ ማየት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሰይጣን ፏፏቴ ቆሞ ወደ ምሥራቅ በስንጥቁ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ከሁለቱ የከሰዓቱን እመርጣለሁ፤ የጠዋቱ ብርድ እርጥብ ልብስ ለለበሰ ሰው አይመችም፤ ሐምሌ በዚያ አገር ቀዝቃዛው ወቅት ነው።

የወቅት ጉዳይ ግን ከዚህም በላይ ወሳኝ ነው፤ በ50 ዶላር የሚገዛውን ነገር የሚወስነው ወሩ ነው ማለት ይቻላል። በአካባቢው ዝናብ የሚጥለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ቢሆንም የወንዙ ሙላት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በሚያዝያ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ከሰሜን ምዕራብ ዛምቢያና ከአንጎላ የሚመጣው ውሃ በመንገዱ ላይ ባለው በሰፊው የባሮትሴ ሜዳ ተንጣሎ ስለሚዘገይ ነው። የጉዞ ወኪሎች ሚያዝያን «ፏፏቴው ሙሉ ኃይሉ ላይ ያለበት ወር» እያሉ ይሸጡታል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ሙሉውን እውነት ግን አልያዘም። በዚያ ወቅት የሚነሣው ርጭት እስከ 400 ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ሰማይ ስለሚወጣ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ይታያል፤ ማዶ አፋፍ ላይ የቆመው ከፋይ ግን ነጭ ጉም ብቻ ያያል። ፏፏቴውን ይሰማዋል፣ ይርሳል፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፣ አያየውም። በኅዳር ደግሞ የውሃው መጠን ወደ ሚያዝያው አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚወርድ ከጠርዙ አብዛኛው ባዶ አለት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለውን ጊዜ እመክራለሁ፤ ውሃው ገና ብዙ ነው፣ ርጭቱ ግን ወዲያና ወዲህ እየተገለጠ ያሳያል። የዛምቤዚ ወንዝ ባለሥልጣን የወንዙን የዕለት ፍሰት በይፋ ስለሚያወጣ፣ ቀን የሚመርጥ ሰው እሱን ቢከታተል ከማንኛውም የጉዞ ወኪል ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከጢስ ዓባይ ጋር ማነጻጸር ለእኛ ሰው የማይቀር ነው፤ እኔም አነጻጽሬአለሁ። ጢስ ዓባይ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ቁመቱም 45 ሜትር ያህል ነው፤ በመጠን ረገድ ውድድር የለም። እኔን የሳበኝ ሁለቱም ውሃቸውን ለመብራት የሚያካፍሉ መሆናቸው ነው። በጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ስለሚጠልፉት፣ በበጋ ሄዶ ቀጭን ጅረት አይቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። በዛምቢያ በኩልም 108 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ከምሥራቃዊው ክፍል በላይ ውሃ ጠልፎ ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል ይመልሰዋል። ልዩነቱ የቪክቶሪያ ስፋት ነው፤ በደረቁ ወቅት አንዱ ጎን ቢራቆት ሌላው ጎን ይቀራል፤ የሚቀረውም በዚምባብዌ በኩል ያለው ነው። ጢስ ዓባይ የሚሸሸግበት ሌላ ጎን የለውም።

ይህ ደግሞ የትኛውን አገር እንምረጥ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። የዛምቢያው ሞሲ ኦአ ቱንያ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከዚምባብዌው በግማሽ እንኳ የማይደርስ ሲሆን፣ በሙላት ጊዜ ገላን የሚያጥበው ጠባቡ የእግረኛ ድልድይና ወደ ገደሉ ሥር የሚያወርደው ቁልቁለት ራሳቸውን የቻሉ ደስታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከፏፏቴው ርዝመት የሚበዛው ክፍል ፊት ለፊት የሚታየው ከዚምባብዌ ነው፤ ከመስከረም በኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ በዛምቢያ በኩል ብቻ ከተወሰነ ደረቅ ግድግዳ አይቶ ሊመለስ ይችላል። በደረቁ ወቅት ለዛምቢያ የሚቀርላት መስህብ፣ በሊቪንግስተን ደሴት ጫፍ ላይ ያለውና ሰዎች ልክ ከገደሉ አፋፍ ላይ የሚዋኙበት «የሰይጣን ገንዳ» ነው። ዋናተኛ ስላልሆንኩ እሱን ልመዝን አልችልም፤ መግባትም አልፈለግሁም።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የብረት ድልድይ ግን ለማንም የሚመከር ነው፤ ዋጋውም ለእግረኛ ምንም ነው። ከዚምባብዌ ሳይወጡ ድልድዩን ብቻ ለማየት ለሚፈልጉ ሰዎች ኢሚግሬሽኑ ትንሽ የማለፊያ ወረቀት ይሰጣል። ድልድዩ ከወንዙ 128 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ብረቱ እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በሞዛምቢኩ የቤይራ ወደብ በኩል ከመጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1905 በቻርልስ ዳርዊን ልጅ በፕሮፌሰር ጆርጅ ዳርዊን ተመርቋል። ከኬፕ እስከ ካይሮ ባቡር ለመዘርጋት ያለመው እንግሊዛዊው ቅኝ አቅኚ ሴሲል ሮድስ ግን ድልድዩ ሳይሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ የዛሬዋን ዚምባብዌ ሮዴዥያ በሚል ስም ይገዛ የነበረው የኢያን ስሚዝ የነጮች መንግሥትና የነጻነት ታጋዮቹ መሪዎች በዚሁ ድልድይ መካከል በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው ተደራድረዋል፤ ድርድሩም ያለ ውጤት ተበትኗል። ዛሬ በዚያው ቦታ ወጣቶች እግራቸውን በላስቲክ ገመድ አስረው ወደ ገደሉ ይዘላሉ። ይህን ታሪክ የሚነግረኝ አስጎብኚ ስላላስፈለገኝ ድልድዩ ላይ የነበረኝ ሰዓት ከወጪ ነጻ ነበር።

ከተማው ላይ ስመለስ ቃናዬ ይለወጣል። ቪክቶሪያ ፎልስ ትንሽ ከተማ ናት፤ የምትኖረውም በጎብኚ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ የዶላር ዋጋ አለው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጀልባ አስጎብኚ የጀምበር መጥለቂያ ሽርሽር ሸጦልኝ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ እራትና ጉማሬ ማየት ተጽፏል፤ በተግባር ግን ጀልባው ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ፣ እራቱ የቀዘቀዘ የዶሮ ክንፍ ሆኖ፣ ጉማሬው ከሩቅ ጆሮው ብቻ ታየ። ጉማሬውን አልወቅስም። የሄሊኮፕተሩ በረራም ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከፓርኩ መግቢያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ የገደሎቹን መጠማዘዝ ከላይ የሚያሳይ ቢሆንም፣ የበጀቱ ልክ ለሚያሳስበው ሰው መጀመሪያ የሚሠረዘው ይህ ነው። በየመንገዱ ማዕዘን ደግሞ ዋጋ ያጣውን የ100 ትሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ኖት ለመታሰቢያ የሚሸጡ ወጣቶች ይከተላሉ፤ ጠባያቸው ጨዋ ነው፣ ትዕግሥታቸው ግን ማለቂያ የለውም። ለሁሉም ነገር ትናንሽ የዶላር ኖቶችን ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ መልስ አይገኝም።

በምግብ ረገድ የሆቴሎቹን ውድ የአዞና የከርከሮ ሥጋ ትቶ ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚበሉበት፣ ቺኖቲምባ በሚባለው የነዋሪዎች ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶች ዘንድ መሄድ ይበጃል። ሳድዛ የሚባለው የበቆሎ ምግባቸው እንደ ገንፎ የጠነከረ ሆኖ በእጅ እየተቆረሰ ከወጥ ጋር ይበላል፤ ለኛ ሰው የሚያስቸግር ነገር የለውም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰውም በኦቾሎኒ ቅቤ የሚሠራ ጎመን አለ። ማታ ማታ ግን በእግር ከመመለስ ታክሲ መያዝ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱ ሌባ ሳይሆን ዝሆን ነው፤ ከፓርኮቹ ወጥተው በከተማው መንገድ ያቋርጣሉ።

ከተጨማሪ አገልግሎቶች ሁሉ ገንዘብ ልጨምርበት ብል የምመርጠው አንድ ብቻ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ሌሊቶች ፓርኩ በተለየ ክፍያ ማታ ይከፈታል፤ ውሃው በቂ በሆነበት ወቅት በጨረቃ ብርሃን የሚሠራ ቀስተ ደመና ይታያል። ክፍያው ከቀኑ መግቢያ ስለሚበልጥና ሰማዩም ጥርት ማለት ስላለበት፣ ይህን የሚያስብ ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት የሰኔንና የሐምሌን የጨረቃ አቆጣጠር አይቶ፣ የሆቴል ክፍሉን ለእነዚያ ሌሊቶች አስቀድሞ ቢይዝ፣ ሄሊኮፕተሩንና ጀልባውን ትቶ በሚተርፈው ገንዘብ ወጪውን ከነትርፉ ይሸፍናል።